ታፔላው ላይ ያለውን ዓሣ ማን አረደው?

ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው የዓሣ ሥዕል ቢያስፈልገው ምን ያደርጋል? ወደ ውኃው ወርዶ፣ ከአንዱ ዓሣ አጥማጅ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ለምኖ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ካላችሁ እኔን አታውቁኝም። እኔ ኮምፒውተር የምችል ሰው ነኝ። ኮምፒውተር የሚችል ሰው፣ ሌላው በእግሩ ሄዶ ከምሳ በፊት የሚያገኘውን ነገር ከወንበሩ ሳይነሳ ለማግኘት ወር ይፈጅበታል። ወሩ ሲያልቅም ነገሩን ሳይሆን ነገሩን የመሰለ ሌላ ነገር ይዞ ይነሳል።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ለሠርግ ጥሪ ወረቀት አበባ እመርጣለሁ። ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ማለትም በአብዛኛው ሰዓት፣ በኢንተርኔት የሚጫወቱት አንድ የባሕር ጨዋታ እጫወታለሁ። በጨዋታው ውስጥ ባለ ሦስት ሸራ መርከብ አለኝ፤ የሌላ አገር ሰዎች እንኳ «ካፒቴን» ይሉኛል። በእውነተኛው ዓለም ግን ሐይቃችን ላይ ታንኳ ተሳፍሬ አላውቅም። ውኃ እፈራለሁ።

ኮምፒውተሩን ያመጣችልኝ ታላቅ እህቴ ዘሀራ ናት። ኩዌት ለዓመታት በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ጊዜ፣ ለእናታችን ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። «ወንድሜ ሥራ ይሥራበት» ብላ ነው። መርከቡን አልነገርኳትም።

ዘሀራ ከተመለሰች በኋላ ከልጅነት ጓደኛዋ ከአስካለ ጋር ሆና ውኃው አጠገብ የዓሣ ቤት ልትከፍት ተነሳች። ዘሀራ ሙስሊም፣ አስካለ ክርስቲያን ናቸው፤ ይህን የምነግራችሁ ለሌላ አይደለም፣ በኋላ ጉዳችን የፈላው በዚሁ ስለሆነ ነው። በእኛ አገር ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። የእስላም ሥጋ ለእስላሙ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለክርስቲያኑ። ማንም በዚህ አይቀየምም፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አብሮ እየሳቀ የየራሱን ይበላል። ዓሣ ግን አይታረድም። ከውኃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ ቢስሚላህ የሚልበትም፣ በስመ አብ የሚልበትም የለም። ስለዚህ ሁላችንም ከአንድ ትሪ የምንበላው እሱን ነው።

የዘሀራ ሐሳብ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነበር። ቤቱንም «አንድ ትሪ» አለችው። «ሁለት ድስት ሳልጥድ፣ ሁለት ዓይነት ሰሐን ሳልገዛ፣ አገሩን ሁሉ አበላለሁ» ትላለች። አስካለም «እኔ እጠብሳለሁ፣ እሷ ትሸጣለች፣ ሁለታችንም እንጣላለን» ትላለች። ሲጣሉም አየሁ፤ በጣም ተስማምተው ነው የሚጣሉት።

ነገር ግን እህቴ ጠንቃቃ ሰው ናት። ቤቱ ሊከፈት በተቃረበ ሰሞን ሱቄ መጣችና ፓስፖርቷንና ቀጥ ብላ ቆማ የተነሳችውን ሙሉ ፎቶ ስካን አስደረገችኝ። ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ደሴ ያለ ኤጀንት ጠይቋት ነው።

«አሁን እንዳትልከው» አለችኝ። «መስከረም ላይ ለግሸን በዓል የሚሄደው መንገደኛ ወጥቶ እስኪመለስ አየዋለሁ። ቤቱ ከሠራ አልሀምዱሊላህ። ካልሠራ ትልከዋለህ፤ እኔም ወደ ሰው ቤት እመለሳለሁ።»

«እትዬ፣ ይሠራል» አልኳት።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ኢንሻአላህ በል።»

«ኢንሻአላህ።»

«ዘሀራ» የሚል ፎልደር ከፍቼ ፎቶዋን ከተትኩና ከጨዋታው ምልክት አጠገብ አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። እህቴ ዳግመኛ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። ይህን ከወዲሁ በግልጽ ልናገር፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የማደርገውን ሁሉ ስትሰሙ፣ በአየር ማረፊያ ልሸኛት የቸኮልኩ ይመስላችኋል።

ታፔላው የእኔ ድርሻ ሆነ። ብረት በያጁ ትልቅ ፍሬም ሠርቶ በሁለት እግር አቆመው፤ የእኔ ሥራ ባነሩን አሰናድቶ ደሴ ማሳተም ነበር። መጀመሪያ አስካለ ከአጥማጆቹ የገዛችውን ቆሮሶ በሳፋ አምጥታልኝ ፎቶ አነሳሁት። ዓሣው ግን ሞቶ ነበረና ፊቱ የመታወቂያ ፎቶ መሰለ። አስካለ «ምን ቸገረህ፣ ዓሣ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ሙያዬን አከብራለሁ። በጨዋታዬ ውስጥ ደግሞ ከቆሮሶ ጋር የሚመሳሰል፣ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ክንፉ የሚርገበገብ አንድ ዓሣ አለ። ሲያዩት ያስርባል።

ከጨዋታው ላይ በቀጥታ ምስሉን ባነሳው፣ በሆዱ ላይ የእኔ ጉልበት የሚለካበት አረንጓዴ መስመር፣ በጭራው ላይ የማላውቀው ሰው የጻፈልኝ ስድብ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ዓሣውን ከመኖሪያው ከራሱ ማውጣት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ጨዋታው ሲጫን ኮምፒውተሩ ላይ ትልልቅ ፋይሎች ያራግፋል። መርከቡም፣ ድምፁም፣ ዓሣውም እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይታሸጋል። ጎተራውን አገኘሁት፤ አፉን ግን አላገኘሁትም።

መጀመሪያ የፋይሉን ስም ቀየርኩት። የስሙን መጨረሻ እንደ ፎቶ ፋይል ባደርገው ፎቶ ይሆናል ብዬ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ፋይል መክፈት አልችልም አለኝ። እንደ ቪዲዮ አደረግሁት፤ አሁንም አልችልም አለኝ። እንደ ዘፈን ሳደርገው ግን ከፈተው፤ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ የውጭ አገር ወጣቶች ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ልጅ «በጣም ቀላል ነው» ብሎ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። በመጨረሻ ፋይሉን ፈትቶ ሥዕሎቹን የሚያወጣ ፕሮግራም አወረድኩ። ፕሮግራሙ ብቻውን አልመጣም፤ ሌሎች ያልጠራኋቸውን ፕሮግራሞችም አስከትሎ ገባ። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ሄደ። ሁለቱ ተገናኝተው የተስማሙት እኔ ሱቁን ዘግቼ ልወጣ ስል ነበር።

ጎተራው ሲከፈት የወጣው ግን ዓሣ አልነበረም። ቁርጥራጭ ነው። አንድ የሣር ቅጠል፣ የበር እጀታ፣ የአንድ ሰው ግማሽ ጢም፣ ጨረቃ፣ ምክንያቱ ያልገባኝ ብዙ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር። ስማቸው ደግሞ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስለሆነ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ከፍቶ ካላዩ አይታወቅም። ቀስ በቀስ ገባኝ። ጨዋታ ሠሪዎቹ መጀመሪያ አካሉን ያለ ቆዳ ይቀርጻሉ፤ ቆዳውን ደግሞ ለብቻው ዘርግተው ይሥሉታል፤ ከዚያ ያለብሱታል። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የተዘረጋው ነው። የፍየል ቆዳ ተገፎ መሬት ላይ ሲወጠር አይታችኋል? እሱ ነው።

የመርከቤን አዛዥ ፊት ከፍቼ እያየሁ ሳለ አስካለ ዘይት ልታስመዝን ስታልፍ ገባች። ስክሪኑ ላይ ዓይኖቹ ወዲያና ወዲህ የተራራቁ፣ አፍንጫው የተጨፈለቀ፣ ጆሮዎቹ ለብቻቸው ከጎን የተቀመጡ ሰው ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ወደ ኋላ እያለች።

«ካፒቴኑ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም፤ ፊቱ ተዘርግቶ ነው።»

«በስመ አብ! ማን ዘረጋው?»

ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ በደንብ ባዳምጠው ኖሮ ይህን ወግ ባላወራሁም ነበር። እኔ ግን ሳቅሁባት። አስካለም አማትባ ወጣች፤ ለዘሀራም «ወንድምሽን አንድ ቦታ እናሳየው» ብላት ኖሯል።

ዓሣውን አገኘሁት። የፈለገውን ያገኘ ሰው የሚደሰተውን ያህል ልደሰት ስል ግን እሱም የተዘረጋ ሆነ። ሁለቱ ጎኖቹ ከሆዱ ላይ ተከፍተው ወዲያና ወዲህ ተኝተዋል፣ ዓይኖቹ ሁለቱም ወደ እኛ ያያሉ፣ አንገቱ አካባቢ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ያለበት ቦታ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር አለ። አካሉንም ከሌላ ፋይል አውጥቼ ቆዳውን ላለብሰው ሞከርኩ። ሳለብሰው ዓይኑ ሆዱ ላይ ዋለ። ሳስተካክለው ጭራው ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ፍጹም አሳምሬው ጨርሻለሁ ብዬ ሳዞረው ዓሣው ባዶ ነበር፤ ከውስጥ ሆኖ ሌላኛው ጎኑ ይታያል።

በዚህ መካከል የደሴው አታሚ ደወለና ዛሬ ካልላክህ ከበዓሉ በፊት አይደርስልህም አለኝ። የተዘረጋውን ዓሣ አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር አፍጥጠው ሲያዩት ሲያዩት ይላመዳል። እንዲያውም ዘመናዊ ዲዛይን መሰለኝ። ሰው አንድ ጎን ብቻ ያለው ዓሣ የሚስለው ሌላውን ጎን ማሳየት ስላቃተው ነው፤ እኔ ሁለቱንም አሳያለሁ፣ አልኩ። ላክሁት።

ባነሩ መጣ። ፍሬሙ ላይ ወጥረን ሰቀልነው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ቀዩ መስመር ከአስፋልቱ ይታያል። ዘሀራ ራቅ ብላ አየችው፣ ቀረብ ብላ አየችው።

«ተኝቶ ነው?» አለችኝ።

«ዲዛይን ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሰው እግዜር ይርዳው፣ አላህም ያግዘው።

ቤቱ ተከፈተ። ሰው መጣ። መጣ ስላችሁ ታፔላው ድረስ መጣ ማለቴ ነው። እዚያ ይቆማል፣ አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳምርላችሁ» ወይም «እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክላችሁ» ይልና ይሄዳል። የኛ አገር ሰው ፊት ለፊት ክፉ አይናገርም፤ እንመጣለን ብሎ ነው የሚቀረው። እኔ በሥራዬ ተደንቀው የሚቆሙ መስሎኝ አንዳንዱን ጠጋ ብዬ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እል ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ የባሰ ፈጥነው ይሄዳሉ።

ትሪው ታጥቦ ይውላል፣ ታጥቦ ያድራል። ያልተሸጠውን ዓሣ እኛው እንበላለን። በአንድ ሳምንት ዓሣ መሽተት ጀመርኩ፤ ደንበኞቼም የማመልከቻቸውን ወረቀት እያሸተቱ ይቀበሉኝ ነበር። ዘሀራ ሳቋን ተወች። አንድ ቀን ወደ ሱቄ መጥታ «ያ ፎልደር አለ?» አለችኝ፤ አለ አልኳት። ወደ ዓሣ ቤቷ ተመለሰች።

ምስጢሩን ይዛ የመጣችው አስካለ ናት። ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ስትገዛ አንዲት ከአምባሰል የመጣች ሴት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ነገረቻት። አስካለ ሽንኩርቱን ጥላ እየሮጠች ገባች።

«ሰዉ ምን እያለ ነው መሰላችሁ? ዓሣ ያርዳሉ እያለን ነው!»

«ማን?» አለች ዘሀራ።

«እኛ! ታፔላው ላይ ይሄው አንገቱ ተቆርጦ፣ ሆዱ ተዘርግቶ። ያልታረደ ዓሣ እንዲህ ይሆናል ወይ ይላሉ።»

«ማነው የሚያርደውስ?»

«ሙስሊሞቹ እኔ ነኝ ይላሉ፤ ክርስቲያኖቹ አንቺ ነሽ ይላሉ።»

ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። በዚህ አገር ተወልጄ፣ ሁለት ድስት እያየሁ አድጌ፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚበላውን ብቸኛውን ፍጥረት በእጄ አርጄ አስፋልት ዳር ሰቀልኩት። አንዱም የተጠራጠረውን ሥጋ አይበላምና አገሩ ሁሉ እኩል ራቀን።

«አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አልኳቸው። «አስተካክለዋለሁ።»

በማግስቱ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ዓሣው አልታረደም» ብዬ ለጠፍኩበት። እስከዚያች ቀን ድረስ ነገሩ ወደ አእምሮው ያልመጣ ሰው እንኳ ቆሞ ማሰብ ጀመረ። አልታረደም ማለት ለምን አስፈለጋቸው? ሌላ ጊዜስ ያርዳሉ ማለት ነው? ከዚያ ቀዩን መስመር በሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። የታረደው ዓሣ ተደብድቦ የታረደ መሰለ። አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ «ወንድምዓለም፣ ምን አድርጓችሁ ነው?» ብሎኝ አለፈ።

የግሸን መንገደኛ መጓጓዝ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው ዘሀራ ሽማግሌ እንዲገባበት ወሰነች። ሼህ ይማምንና መሪጌታ ፈንታን አስጠራች። ሁለቱም የሰፈራችን ሽማግሎች ናቸው፤ የድንበር ክርክርም ይሁን የባልና ሚስት ጠብ ያለ እነሱ አይፈታም። ብዙ ነገር ፈርደዋል። የኮምፒውተር ዓሣ ግን ፈርደው አያውቁም።

የገበያ ቀን ነበር። ሽማግሎቹ በረንዳው ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ተቀመጡ። እኔም ላፕቶፔን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«ዓሣው የየት ውኃ ነው?» አሉ ሼህ ይማም።

«የየትም ውኃ አይደለም አባባ። ከፋይል ውስጥ ነው ያወጣሁት።»

«በመረብ ነው በመንጠቆ?»

«በፕሮግራም።»

«ስታወጣው ነፍስ ነበረው?»

«ኖሮት አያውቅም።»

«ታዲያ በክት ነዋ።»

«አልሞተም አባባ።»

ሼህ ይማም ወደ መሪጌታ ዞር አሉ። «አልኖረም፣ አልሞተምም ይለናል ይሄ ልጅ።»

«በመጽሐፍም እንዲህ ያለ አላየሁ» አሉ መሪጌታ። «እስቲ አሳየን።»

ጨዋታውን ከፈትኩላቸው። ባሕሩ መጣ፣ መርከቤ መጣ፣ ከሥር ዓሣው ቆዳውን ለብሶ፣ እያብረቀረቀ ሲዋኝ ታየ። መሪጌታ መነጽራቸውን አወጡ። ሼህ ይማም ወንበራቸውን ሳቡ።

«ሱብሃነላህ! ይሄ ነው እዚያ ላይ የዘረጋኸው?»

«አዎ አባባ።»

«ምን በደለህ?»

«እስቲ ወደዚያ በለው» አሉ መሪጌታ፤ «ከድንጋዩ ሥር አንድ ትልቅ አለ።»

«የለም፣ ወደዚህ» አሉ ሼህ ይማም። «ውኃው የጠቆረበት ቦታ ነው የሚተኛው።»

ወደዚያም ወደዚህም አልኩት። ዓሣው አመለጠ። ሁለቱም እኔን ወቀሱ። በዚህ መካከል ዘሀራ የእጅ መታጠቢያ አመጣች፤ አስካለ ተከትላ አንድ ትሪ ሙሉ ትኩስ የተጠበሰ ቆሮሶ ከእንጀራ ጋር አስቀመጠች። ሼህ ይማም ቢስሚላህ አሉ፤ መሪጌታ አማተቡ፤ የሁለቱም እጅ ወደ አንዱ ትሪ ገባ። ዓይናቸው ግን ከስክሪኑ አልተነሳም። መሪጌታ አጥንቱን እየለቀሙ «መረቡን ጣል! ጣል እንጂ!» ይላሉ፤ ሼህ ይማም ሚጥሚጣውን ወደ መሪጌታ እየገፉ «ቆይ አታስደንግጠው» ይላሉ።

ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገዱ ላይ መቆም ጀመረ። አሁን ታፔላውን አልነበረም የሚያየው። ትሪውን ነበር። አንዱ «ሼኻችን በሉ እኮ» አለ። ሌላዋ «መሪጌታም በሉ» አለች። ከአምባሰል የወረዱ ሁለት ገበሬዎች አህያቸውን አስረው ገቡና ጥግ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ የባጃጅ ነጂው ገባ። ዘሀራ ከጓዳ ስትወጣ አየኋት፤ ቆማ ቀረች። ከዚያ አስካለን በክርኗ ገፋ አድርጋ «ዘይት ጨምሪ» አለቻት።

ትሪው ባዶ ሲሆን ሽማግሎቹ ስለምን እንደተጠሩ ትዝ አላቸው። እጃቸውን ታጥበው ወደ ታፔላው ቀና አሉ።

«እንግዲህ» አሉ ሼህ ይማም፤ «ዓሣው አልታረደም። ይሄ ተፈታ።»

«ተፈታ» አሉ መሪጌታ።

እኔ ልተነፍስ ስል ሼህ ይማም ጣታቸውን አነሱ። «ግን አንተ ልጅ፣ ይሄ ባሕር የማን ነው?»

«የጨዋታው ባለቤቶች አባባ። ውጭ አገር ናቸው።»

«ዓሣውንስ የሣለው ማን ነው?»

«የእነሱ ሠራተኞች።»

«ፈቅደውልህ ነው ያወጣኸው?»

ላፕቶፑን ዘጋሁት። መልሱ እሱ ነበር።

መሪጌታ በሳቅ ጀመሩና በሳል ጨረሱ። «አየህ ይማም፣ እኔ የእናንተ ሥጋ ነው ብዬ ነበር፣ አንተም የእኛ ነው ብለህ ነበር። ለካ ለሁለታችንም አይሆንም!»

«ሐራም ነው» አሉ ሼህ ይማም፣ ደስ እያላቸው። «ለሁላችንም እኩል።»

ሁለት ሽማግሎች በዚህን ያህል ስምምነት ሲፈርዱ አይቼ አላውቅም። እኔ ላይ ደግሞ የሰቀልኩትን አሁኑኑ እንዳወርድ ፈረዱብኝ። መሰላል ተሸክሜ ወጣሁ። ባነሩን ስገነጥል ሕዝቡ አጨበጨበ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ፤ ሕዝቡ እየበላ ነበር።

ሌላ ባነር ለማሳተም ጊዜ አልነበረም። የግሸን አውቶብሶች መምጣት ሲጀምሩ አስፋልቱ ዳር የቆመው ባዶ የብረት ፍሬም ብቻ ነበር። በፍሬሙ ውስጥ ሐይቁ ይታያል፤ አንዳንዴ አንድ ታንኳ ከአንዱ ጠርዝ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መንገደኛው እየወረደ ፎቶ ይነሳበት ጀመር። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ዓሣውን እየበላ «ይህን ታፔላ ያሰበው ሰው እውነተኛ ባለሙያ ነው» አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ማንም ሌላ ሰው ባዶ ሊያደርገው አይችልም ነበርና ውሸት አይመስለኝም።

መንገደኛው ወጣ፣ ተመለሰም። አውቶብሶቹ ባለፉ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ዘሀራ ጠዋት ሱቄ መጣች። ዘይት ዘይት ትሸታለች፤ በእጇ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ክፈተው» አለችኝ። «ያን ፎልደር።»

ቤቱ ሞልቶ እንደነበር አይቻለሁ፤ ግን የሰው ሐሳብ አይታወቅም፤ ምናልባት ደክሟት ይሆናል አልኩ። ከፈትኩት። ፎቶዋ ስክሪኑን ሞላው። ቀጥ ብላ፣ እጇን ወደ ታች ዘርግታ፣ ሳትስቅ ቆማለች፤ ለማያውቃት ሰው ቁመቷንና ጤናዋን የምታሳይ ሴት። ዘሀራ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«አጥፋት» አለች።

አጠፋኋት።

«ሄደች?»

«ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ናት።»

«ከዚያም አጥፋት።»

ከዚያም አጠፋኋት። ዘሀራ ግን አላመነችኝም። ጥርጣሬዋ ልክ ነው፤ የጠፋውን የሚመልስ ፕሮግራም አለ፤ እሱም ያን ጊዜ ከዓሣው ፕሮግራም ጋር ሳልጠራቸው ከገቡት እንግዶች አንዱ ነበር።

«አንተ ከታሸገ ነገር ውስጥ የምታወጣ ሰው ነህ» አለችኝ። «አንድ ቀን ከፍቶኝ ብለምንህ መልሰህ ታወጣታለህ?»

«አላወጣትም።»

«አትችልም?»

«እችላለሁ እትዬ። አላወጣትም።»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ባጃጆቹን የምታይ መሰለች። ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«በል እጅህን ታጠብና ብላ። ሲበርድ አይጥምም።»

ፈታሁት። ቆሮሶ ነበር፣ ገና ትኩስ፤ ጠዋት ከኛው ሐይቅ የወጣ።